ከሐሳብ ወደ ገበያ

 

ዐብዱረሕማን ኢብኑ ዐውፍ (ረ.ዐ) ወደ መዲና በተሰደዱ ጊዜ፣ ሰዕድ ኢብኑ ረቢዕ (ረ.ዐ) ከሀብታቸው እኩሌታውን ሊያካፍሏቸው ቢሹም፣ እርሳቸው የገበያውን መንገድ ብቻ ጠየቁ። ቅቤና ደረቅ አይብ ነግደውም ትርፍ ይዘው ተመለሱ።

እኛ ቅደም ተከተሉን ገለበጥነው። ለአንዲት የየቲሞች እናት የስፌት መኪና ስንገዛ፣ በሰፈራቸው ማን ምን እንደሚያሰፋ አልጠየቅንም። መኪናው ለወራት ተሸፍኖ ቆመ። ጥፋቱ የእኛ እንጂ የእርሳቸው አልነበረም። በኋላ ራሳቸው ጎረቤት ሲጠይቁ፣ የተማሪ ደንብ ልብስ የሚያሳጥርና የሚጠግን መታጣቱን ሰሙ። በሦስት ልብስ ጀመሩ፤ የክሩን፣ የመብራቱን፣ የድካማቸውንም ዋጋ በደብተር መዘገቡ። (ድካምን አለመቁጠር የብዙዎቻችን ስሕተት ነው።)

ሐሳብ ያላችሁ ልጆቻችን ሆይ! ገንዘብ ከመጠየቃችሁ በፊት ገዢውን ጠይቁ፤ ጥቂት ሠርታችሁም ሽጡ። በሚቀጥለው ጊዜ ስትመጡ መዝገባችሁን ይዛችሁ ኑ፤ አብረን እናየዋለን።