ነጠላ የማይዝ ቀለም
(በማኅበራችን ስብሰባ ላይ ከሒሳብ ክፍል የቀረበ ንግግር)



የሒሳብ ክፍል ሲነሳ ቁጥር ሊያነብ የተነሳ ይመስላል። ዛሬ ግን ስለ ቀለም ነው የምንናገረው። የቀለም ሥራችን ትርፍና ኪሳራ የሚወሰነው መዝገቡ ላይ ሳይሆን ወንበሩ ላይ ስለሆነ ነው።

ሥራውን ሁላችንም እናውቀዋለን። የእድር የብረት ወንበሮች፣ አልጋዎች፣ የመስኮት ፍርግርጎች ዝገው ይመጣሉ፤ እኛ አድሰን እንመልሳለን። ደንበኛ ሲረከብ መጀመሪያ የሚያደርገው በእጁ መዳበስ ነው። ቀለሙ ከሻከረ ነጠላ ይይዛል፣ አቧራ ያቅፋል፣ ቶሎም ይላጣል። ያ ወንበር ተመልሶ ይመጣል። ሁለት ጊዜ የተቀባ ወንበር ቀለሙም ጉልበቱም ሁለት ጊዜ ይወጣበታል፤ ዋጋው ግን የሚከፈለው አንድ ጊዜ ነው። ስለዚህ ልስላሴ የውበት ጉዳይ ብቻ ሳይሆን የሒሳብ ጉዳይ ነው።

በነገራችን ላይ በቆርቆሮ የሚረጨው ቀለም ከሴት ሐሳብ የተገኘ ነው። እ.ኤ.አ. በ1949 በአሜሪካ ኢሊኖይ ግዛት ኤድ ሲሞር የሚባል የቀለም ነጋዴ አዲሱን ቀለሙን ለገዢ ማሳያ ዘዴ ሲፈልግ፣ በሚረጭ ቆርቆሮ ውስጥ እንዲያደርገው ሐሳብ ያቀረበችለት ባለቤቱ ቦኒ ነበረች። እንግዲህ ሥራው ለእኛ ባዕድ አይደለም።

አሁን ወደ አሠራሩ እንግባ። ከጥሩ ቀለም ቅብ አብዛኛው ድካም ያለው ከመርጨት በፊት ነው። በመጀመሪያ ወንበሩ በሞቀ ውኃና በዱቄት ሳሙና ይታጠባል። ከመታጠቡ በፊት መፋቅ የለበትም፤ ቅቤው፣ ዘይቱና ጥቀርሻው በፍቀቱ ጭረት ውስጥ ይገባና ቀለሙን ይገፋዋል። ቀለም በየቦታው እየሸሸ ክብ ክብ ባዶ ዐይን የሚያወጣው በዚህ ምክንያት ነው።

ከደረቀ በኋላ ዝገቱን በሽቦ ብሩሽና በሻካራ ብርጭቆ ወረቀት እናስለቅቃለን። ከዚያ 220 ቁጥር፣ በመጨረሻም 320 ወይም 400 ቁጥር። ቁጥሩ ሲጨምር ወረቀቱ እየለሰለሰ ይሄዳል። ቁጥር ዘለን ከሻካራው በቀጥታ ወደ ቀለም ከሄድን ጭረቱ ከላይ ይታያል፤ ቀለም ጭረትን አይሸፍንም፣ እንዲያውም ያጎላዋል። ከዚያ አቧራውን በንጹሕ ጨርቅ ጠርጎ አንቲረስት መቀባት፣ ሲደርቅም በለስላሳው ወረቀት ቀለል አድርጎ ማሸት ነው።

ለመርጨት ቆርቆሮውን ውስጡ ያለችው ኳስ መንኳኳት ከጀመረች በኋላ አንድ ሁለት ደቂቃ እንወዝውዘው። ከዕቃው ከ20 እስከ 30 ሳንቲ ሜትር እናርቀው። መጫን የምንጀምረው እጃችን ዕቃው ጋ ሳይደርስ፣ የምንለቀውም ካለፈ በኋላ ነው። እጃችን እኩል ፍጥነት ይኑረው፤ እያንዳንዱ መስመር የቀደመውን እስከ ግማሽ ይደርብ። አንድ ወፍራም ሳይሆን ሁለት ወይም ሦስት ስስ ድርብ ይሁን። በድርብና በድርብ መካከል የሚያስፈልገው ጊዜ ቆርቆሮው ላይ ተጽፏል፤ ማንበብ ለምትችል አንዲት እህት ይህን ኃላፊነት እንስጣት። ስንጨርስ ቆርቆሮውን ገልብጠን ጥርት ያለ አየር እስኪወጣ እንርጭ፤ አፉ ሳይደፈን ለሌላ ቀን ይቆያል።

የሰቆጣን አየር ደግሞ እኛ ነን የምናውቀው። ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ነች፤ በበጋ አየሩ ደረቅ፣ ፀሐዩ ብርቱ ነው። የጥር ሠርግ ሲደርስ ወንበር በብዛት የሚመጣውም ያኔ ነው። በፀሐይ የጋለ ብረት ላይ የተረጨ ጠብታ ሳይዘረጋ ይደርቅና እንደ ብርቱካን ልጣጭ ይሆናል። መፍትሔው ነፋስ ሳይነሳ በማለዳ፣ በጥላ መሥራት ነው። መሬቱ ላይ አስቀድመን ውኃ እናርከፍክፍ፤ አቧራው ይተኛል።

ሁለተኛው የሥራ ወቅት ከሻደይ በፊት ነው። ነሐሴ 16 ሲቃረብ ሁሉም ቤቱን ያሳምራል፤ ነገር ግን ክረምት ነው። እርጥበት ያለበት ቀለም ነጭ ጉም ይለብሳል፣ ይደበዝዛል። ዝናቡ አባርቶ ብረቱ እስኪደርቅ እንጠብቅ። የቀዘቀዘ ቆርቆሮ ለብ ባለ ውኃ ውስጥ ጥቂት ይቆይ እንጂ እሳት ዳር ፈጽሞ አይቀመጥ፤ ከ50 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ከጋለ ሊፈነዳ ይችላል።

ቀለሙ ከወረደና እንባ ከሠራ በጣም ቀርበናል ወይም ቆመናል ማለት ነው። እርጥብ ሳለ በጣት አንንካው። ይድረቅ፣ በ400 ቁጥር ይታሽ፣ አንድ ስስ ድርብ ይጨመርበት።

ከዚህ ሁሉ የሚከብደው ጉዳይ ግን ሌላ ነው። «በቤት ውስጥ» ስንል ልጆች የሚተኙበት፣ ቡና የሚፈላበት ክፍል ማለት መሆን የለበትም። ቀለሙን የሚገፋው ጋዝ ተቀጣጣይ ነው፤ የከሰል ምድጃ ያለበት ቤት ውስጥ መርጨት እሳት መጥራት ነው። የቲነር ትነትም ለነፍሰ ጡርና ለሕፃን አይበጅም። ፊትን በነጠላ መሸፈን ጠብታውን በከፊል ይይዝ እንደሆነ እንጂ ትነቱን አያስቀርም፤ ለዚያ የከሰል ማጣሪያ ያለው ጭንብል ያስፈልጋል።

የድሮ ቀለም ሲፋቅ ደግሞ አቧራው ውስጥ ሊድ ሊኖር ይችላል። ሊድ የሕፃናትን አእምሮ ይጎዳል፤ ጉዳቱም አይመለስም። የዓለም ጤና ድርጅት ጉዳት የማያስከትል የሊድ መጠን አይታወቅም ይላል። ስለዚህ አሮጌ ቀለም ውኃ እየነካን እንፋቅ፣ ወዲያው እናድርቀው፣ ፍቅፋቂውን ሰብስበን ልጅና ዶሮ ከማይደርሱበት እናርቅ። የሕፃናትን መቀንጨር ለማስቀረት በ2007 ዓ.ም. ይፋ የተደረገው ቃል ኪዳን የተሰየመው በዚህች በሰቆጣ ስም ነው። ለልጅ ምግብ ልንገዛበት የምንሠራው ሥራ ልጁን እንዳይጎዳ መጠንቀቅ የእኛ ፋንታ ነው።

ውድ ደጋፊዎቻችን፤ «ገንዘቡ ለምን ቀለም ብቻ አይገዛበትም?» ብላችሁ ብትጠይቁ ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሳችን ይህ ነው፦ ብርጭቆ ወረቀት፣ አንቲረስት፣ ጭንብልና በግቢው ጀርባ አንድ ክፍት ዳስ ካልተሟሉ፣ የሚገዛው ቀለም ግማሹ ለድጋሚ ሥራ ይሄድብናል የሚል ስጋት አለን።

ለአባላት ደግሞ ሦስት ነገር እንጠይቃለን። አንደኛ፣ ማንኛዋም አባል በመኖሪያ ክፍሏ ውስጥ እንዳትረጭ እንወስን። ሁለተኛ፣ አንዷ ስታጥብ፣ አንዷ ስትፍቅ፣ አንዷ ስትረጭ በተራ እንሥራ፤ ነፍሰ ጡርና አጥቢ እህቶቻችን በመረከብና በመመዝገብ ይመደቡ፣ ድርሻቸውም አይቀነስ። ሦስተኛ፣ ለእያንዳንዱ ዕቃ የወጣው ቆርቆሮ፣ የፈጀው ሰዓትና ተመልሶ መምጣት አለመምጣቱ ይመዝገብ። መጻፍ ለማይችሉ እናቶች የሒሳብ ክፍሉ በየሳምንቱ መጨረሻ እየጠየቀ ይጽፋል፤ በኽምጣና ቢነግሩንም እንጽፋለን።

መዝገቡ ከሞላ በሚቀጥለው ስብሰባ የትኛው ሥራ እንዳዋጣን፣ የትኛው እንዳከሰረን በቁጥር እናቀርባለን። አሁን ወደ ድምፅ አሰጣጡ እንለፍ።