ለተፈታው ሰው ዋሱ ማን ነው?

(በሬዲዮ ከተላለፈ ትምህርት ለንባብ የተዘጋጀ)

ዛሬ የማነሣው ነገር ከበድ ይላል። ሰው ገድሎ የታሰረ ሰው ጊዜውን ጨርሶ ሲመጣ ምን እናድርገው?

ፍኖተ ሰላም ማለት የሰላም መንገድ ማለት ነው። ከዚያ ማረሚያ ቤት ወጥቶ ወደ ቡሬ ገጠር ለሚሄድ ሰው ግን መንገዱ ሁልጊዜ ሰላም አይደለም። ደመኛ አለበት። በእኛ አገር ዳኛ ስለ ፈረደ ብቻ ደም አይደርቅም፤ ታውቁታላችሁ።

የአንድ ሰው ነገር ልንገራችሁ፤ ስሙን አልጠራም። በእርሻ ወሰን ተጣልቶ ጎረቤቱን ገደለ። 18 ዓመት ተፈረደበት፣ 12ቱን ታስሮ በአመክሮ ወጣ። ሕጋችን ከቅጣቱ ሁለት ሦስተኛውን የጨረሰና ጠባዩ የታረመ፣ ዕድሜ ልክ የተፈረደበትም 20 ዓመት ከታሰረ በኋላ፣ በአመክሮ ሊፈታ ይችላል ይላል። ብዙ ሰው ልብ የማይለው ነገር ግን እዚያው አለ፤ እስረኛው አቅሙ በፈቀደ መጠን የበደለውን መካስ ይጠበቅበታል። ሉቃስ 19 ላይ ያለውን ዘኬዎስን አስቡት። ጌታ ቤቱ ሲገባ ተጸጽቻለሁ ብሎ አልተቀመጠም፤ የቀማውን አራት እጥፍ ሊመልስ ተነሣ።

ይህ ሰው እስር ቤት ሆኖ ጌታን ተቀብሎ ነበርና ወደ እኛ መጣ። ደስ አለኝ። ደስታዬ ግን አቻኮለኝ። በሳምንቱ ተነሥቼ ወደ ሟቹ እናት ቤት ሄድኩ። ቡና እያፈሉ ነበር። "እናቴ፣ እግዚአብሔር ይቅር ብሎታል፤ እርስዎም ይቅር ይበሉት" አልኳቸው። ጀበናውን አስቀምጠው አዩኝ። "ልጄ፣ የማንን ደም ነው ይቅር የምትለው? አንተ ልጅ ቀብረሃል?" አሉኝ። መልስ አልነበረኝም። ቡናው ሳይቀዳ ወጣሁ። በመጽሐፍ ቅዱስ ኮሌጅ ስለ ይቅርታ ስንት ገጽ ጽፌ ነበር!

አጠፋሁ። እግዚአብሔር ለገዳይም ምሕረት እንዳለው መስበክ ሥራዬ ነው። በእኚያ እናት ፋንታ ይቅር ማለት ግን ማንም አልሰጠኝም።

ይህ ጥያቄ ለአገራችንም አዲስ አይደለም። የመካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን ዋና ጸሐፊ የነበሩት ቄስ ጉዲና ቱምሳ በሐምሌ 1971 ተወስደው ተገደሉ። ባለቤታቸው ወይዘሮ ጸሐይ ቶሎሳ አሥር ዓመት ያህል ታሰሩ። ቆይቶ የደርግ ባለሥልጣናት በተራቸው ታሰሩ፤ በ2000 ዓ.ም. ሞት ተፈረደባቸው። የሃይማኖት አባቶች በመካከል ገቡ፤ በ2003 ዓ.ም. የሞት ፍርዱ ወደ ዕድሜ ልክ ተለወጠ፣ በመስከረም 2004 ብዙዎቹ ከ20 ዓመት እስር በኋላ በአመክሮ ወጡ። ከሟች ቤተሰብ አሜን ያለም ነበረ፣ የተቃወመም ነበረ። የተቃወመውን ክፉ ነው አልለውም።

"ታዲያ ገዳይ ሁለተኛ ዕድል ይገባዋል ወይ?" ትሉኛላችሁ። የሞተው ሰው ሁለተኛ ዕድል አላገኘም፤ ይህንን አንርሳ። "ይገባዋል" ካልን ደግሞ ጸጋ መሆኑ ቀረ። እኔም አይገባኝም ነበር፣ አንተም። ስለዚህ ጥያቄውን ልለውጥባችሁ፤ ዋሱ ማን ነው?

ሳውል ቅዱሳንን ሲያሳድድ የኖረ ሰው ነው። የሐዋርያት ሥራ 9ን አንብቡ። ኢየሩሳሌም ሲመጣ ደቀ መዛሙርቱ ፈሩት፣ አላመኑትም። ገላትያ 1 እንደሚለው ያን ጊዜ ካመነ 3 ዓመት አልፎታል። በርናባስ ነው እጁን ይዞ ያስገባው። ያው ጳውሎስ በኋላ ስለ ኦናሲሞስ ለፊልሞና ሲጽፍ፣ ዕዳ ካለበት በእኔ ቁጠረው አለ። ዋስ ማለት ይኸ ነው። ምሕረት ለምኖ ዘወር ማለት አይደለም፤ ሰውዬው ቢያጠፋ እኔን ያዙኝ ማለት ነው።

ዋስ ደግሞ ዓይኑን አይጨፍንም። የተፈታ ሰው እንጀራና ሥራ ያግኝ፤ መድረክና ገንዘብ ቤት ግን ይቆዩት። ልጅ ደፍሮ የታሰረ ሰው ቃሉን ይስማ፣ እንጸልይለት፤ የሕፃናት ክፍል ግን መቼም አይግባ። ይህ ጥላቻ አይደለም። ልጆቻችንም የጌታ ናቸው።

ወደ ሰውዬው ልመለስ። ሁለት ሽማግሌዎችና አንድ ገበሬ ወንድም ዋስ ሆኑት። ወደ ድሮ መንደሩ አልመለስነውም፤ እዚያው ወንድም ዘንድ በእኩል እንዲያርስ ተደረገ። በመጀመሪያው ዓመት በርበሬውን ሸጦ ከድርሻው ግማሹን በሽማግሌ ላከ። እናትየው መለሱት። ሽማግሌዎቹም ምንም ሳይናገሩ ተቀብለው መጡ። በሁለተኛው ዓመት ለልጅ ልጆቻቸው ደብተርና ልብስ ይሁን ብለው ያዙት። ይቅር ብዬዋለሁ አላሉም፤ እኛም አልጠየቅናቸውም።

እኔ ከዚያ ወዲያ አንድ ጊዜ ሄጄ ይቅርታ ጠየቅኋቸው፤ ለእሱ ሳይሆን ለራሴ። ያን ቀን ቡናውን ቀዱልኝ። እሱን ግን እስከ ዛሬ በዓይናቸው አላዩትም። ቅዳሜ ወደ ቡሬ ገበያ ሲወጣ በእሳቸው ደጅ አያልፍም፤ ቢረዝምበትም በታችኛው መንገድ ዞሮ ነው የሚሄደው።