የሩቁን ያላየ ተማሪ ሰነፍ አይደለም



እኛ የመጨረሻው ክፍል ተማሪዎች ለዚህ በዓል የመረጥነው ርእስ ዓይን ነው። ከሰበታ፥ ከቡራዩና ከሱሉልታ ለምንመጣ ልጆች በሰበታ የሚገኘው የመርሐ ዕውራን ትምህርት ቤት እንግዳ አይደለም። ብርሃናቸውን ላጡ ሰዎች የትምህርት መንገድ ከተገኘ፥ ዓይን እያለው ጥቁር ሰሌዳው ለሚሰወርበት ልጅማ እንዴት አይገኝ?

ዓይን ኳስ ይመስላል። ብርሃን በፊቱ ገብቶ ከበስተኋላው ባለው ስስ መጋረጃ፥ በሬቲና ላይ ሲያርፍ እናያለን። ኳሱ ከልኩ በላይ ወደ ኋላ ሲረዝም ግን የሩቁ ነገር ምስል መጋረጃው ዘንድ ሳይደርስ ከፊቱ ይሰበሰባል። ስለዚህ መጽሐፉ ጥርት ብሎ ሲነበብ ሰሌዳው ይደበዝዛል። ሐኪሞች ይህን ማዮፒያ ይሉታል። መካከሉ የሳሳ መነጽር ምስሉን ወደ ስፍራው ይመልሰዋል።

እንዲህ ያለው ልጅ ዓይኑን እያጠበበ ይመለከታል፥ ከጎረቤቱ ደብተር ይገለብጣል፥ በመጨረሻም ሰነፍ ይባላል። እ.ኤ.አ. በ2006 የወጣው አገር አቀፍ ጥናት እንደሚያስረዳው፥ በአገራችን እይታቸው ከደከመ ሰዎች መካከል የ33.4 ከመቶው ምክንያት መነጽር የሚያቃናው ዓይነት ጉድለት ነበር።

አንድ ጊዜ የረዘመ ዓይን ተመልሶ አያጥርምና አስቀድሞ መጠበቅ ይሻላል። በቻይና፥ በጓንግዡ ከተማ፥ ለአንደኛ ክፍል ልጆች በየትምህርት ቀኑ 40 ደቂቃ የደጅ ጊዜ ተጨመረላቸው። እ.ኤ.አ. በ2015 በታተመው ውጤት መሠረት፥ በሦስት ዓመት ውስጥ ጉድለቱ ከእነዚህ ልጆች 30 ከመቶ ያህሉን ሲይዝ፥ ካልተጨመረላቸው ግን 40 ከመቶ ያህሉን ያዘ። የቀን ብርሃን የዓይንን መርዘም እንደሚገታ ሊቃውንት ያምናሉ። ከተሞቻችን እየሰፉ በሄዱ መጠን የልጆች መጫወቻ ሜዳ እንዲጠበቅ የምንለምነው ስለዚህ ነው።

እናቶችና አባቶች ሆይ፤ ልጆቻችሁ በቀን ሁለት ሰዓት ያህል ደጅ ይጫወቱ። መጽሐፍንና ስልክን ወደ ፊታቸው አያስጠጉ። መነጽር ዓይን ያበላሻል የሚለውን ወሬ አትስሙ፤ ሐኪም ካዘዘ ልጁ ያድርገው።

መምህራኖቻችን ሆይ፤ በየዓመቱ መግቢያ እያንዳንዱ ተማሪ ከኋላ ወንበር ተቀምጦ፥ አንዱን ዓይን ከዚያም ሌላውን ሸፍኖ ሰሌዳውን ያንብብ። ያላነበበውን ከመገሠጽ በፊት ወደ ዓይን ሐኪም ላኩልን። ስለ ታናናሾቻችን የምንጠይቀው ይህንኑ ነው።