ስለ ነባርና ስለ መጻተኛ
በፍኖተ ሰላም ለተሰበሰቡ አድማጮች የቀረበ ዲስኩር



በ2005 ዓ.ም. የበጋው ወራት ሳያልቅ፣ በቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልል በካማሺ ዞን ያሶ ወረዳ ከጉሙዝ ባለርስቶች ጋር በእኩል እያረሱ ይኖሩ የነበሩ የአማራ ገበሬዎች፣ ቤት ንብረታቸውን ጥለው፣ ሕፃናቱን አዝለውና ሽማግሌዎቹን ደግፈው፣ ዓባይን ተሻግረው ወደ ቡሬና ወደዚህች ከተማ በገቡ ጊዜ፣ ምን በደል ሠርተው እንደ ተባረሩ የጠየቀ ሁሉ ያገኘው መልስ ከወዲያ ማዶ አልተወለዱም የሚል ብቻ ነበረ። መንግሥት ድርጊቱ ሕገ ወጥ መሆኑን አምኖ እንዲመለሱ አዘዘ፤ የበደሉ ሥር ግን ከአንድ ወረዳ ሹም ትእዛዝ የጠለቀ ነበርና በዚያው አልተነቀለም።

ሥሩ ያለው በሕጉ ነው፤ የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት በ32ኛው አንቀጽ ዜጋ በወደደው የአገሩ ክፍል የመኖር መብት እንዳለው ሲደነግግ፣ የቤኒሻንጉል ጉሙዝ ሕገ መንግሥት ደግሞ በርታን፣ ጉሙዝን፣ ሺናሻን፣ ማኦንና ኮሞን የክልሉ ባለቤቶች ብሎ ሰይሞ ሌላውን በነዋሪነት ብቻ ያውቀዋል። በ1992ቱ ምርጫ የነባሮቹን ቋንቋ አያውቁም የተባሉ ዕጩዎች ከውድድር ታግደው ክርክሩ እስከ ፌዴሬሽን ምክር ቤት ደረሰ። አራሹ ግብር እየከፈለ በሹመትና በሸንጎ ባይተዋር ከሆነ፣ አንድ ክፉ ሹም የተነሣ ዕለት የሚያስጥለው ከለላ ከወዴት ይገኛል?

ይሁን እንጂ የጉሙዝንም ሕዝብ አቤቱታ ሳንሰማ ብንፈርድ ፍርዳችን ርቱዕ አይሆንም። በቀደመው ዘመን የጎጃም መኳንንት ልጆቹን በባርነት ፈንግለው ወሰዱ፤ በ1977 እና በ1978 ደግሞ ደርግ በድርቅ የተጎዱ ወገኖችን ከወሎና ከደቡብ እያመጣ በጉሙዝ ምድር በፓዌ ሲያሰፍር፣ ባለ አገሩ ሳይጠየቅ ከደኑና ከአደኑ ተገፋ። ከዚህ የተወለደውን ፍርሃት የሚያራግቡ ሰዎች ጥንተ በደሉን በበዳዩ ፈንታ ምንም በማያውቀው ገበሬ ላይ ተበቀሉት። ታኅሣሥ 14 ቀን 2013 ዓ.ም. በዚያው ክልል በቡለን ወረዳ በበኩጂ ቀበሌ ታጣቂዎች ከመቶ በላይ ሰው በአንድ ቀን ፈጁ፤ ከሞቱትም መካከል በሕጉ ባለቤት የተባሉ ሺናሾች ነበሩ። እኛም ንጹሓን አይደለንም፤ በ2011 ዓ.ም. በእኛው ክልል በጃዊ በጉሙዞች ላይ የተፈጸመው ግድያ የእኛው ወገን እጅ ያለበት ነው።

ስለዚህ የክልሉ ሕግ እንዲሻሻል የምንጠይቅ የጎጃም ሰዎች፣ ለያሶ ገበሬ የምንሻውን ፍትሕ ለጃዊው ጉሙዝ በዛሬው ዕለት እንድንመሰክርለት አደራ እላችኋለሁ።