መንግሥት ቀጣሪ፣ ሰዓሊ ተቀጣሪ፤ አደባባዩስ የማን ነው?

(በአዳማ ከተማ ለተሰበሰቡ ወጣት ሰዓልያንና የሥነ ጥበብ ተማሪዎች ያደረግሁት ንግግር ነው። ለጋዜጣው እንዲመች ጥቂት ከማሳጠሬ በቀር እንዳለ ቀርቧል።)



"ስለ መንግሥት ሥራና ስለ አደባባይ ጥበብ ንገረን" ስትሉኝ በመጀመሪያ ሳቄ ነው የመጣው። እኔ ቋሚ ወንበር የሌለኝ፣ በጻፍኩት ልክ የምከፈል ጋዜጠኛ ነኝ። ስለ ደመወዝና ስለ እርከን እድገት ለማውራት ከዚህ አዳራሽ የመጨረሻው ሰው እኔ ሳልሆን አልቀርም። ነገር ግን አንድ ቀን ያየሁት ነገር ከኅሊናዬ አልወጣ ስላለ እሺ ብዬ መጣሁ።

በዚሁ በስምጥ ሸለቆ መስመር ካሉት ከተሞች በአንዷ፣ ስሟን አልጠራም፣ ከአንድ ጽሕፈት ቤት በር ላይ የተለጠፈ ክፍት የሥራ ቦታ ማስታወቂያ አነብ ነበር። የሂሳብ ሠራተኛ፣ ንብረት ክፍል፣ ሾፌር፣ ጥበቃ… ዝርዝሩ ይቀጥላል። አጠገቤ አንድ ወጣት ቆሞ ይጽፋል። ምን እንደተማረ ጠየቅሁት። "ሥዕል" አለኝ። "ለምን ልትመዘገብ ነው?" ብለው "ለመዝገብ ቤት!" ብሎ ሳቀ። ሳቁ ግን ሳቅ አልነበረም።

ቀና ስንል ከጽሕፈት ቤቱ ፊት ለፊት ባለው አደባባይ ላይ አዲስ የሲሚንቶ ሥራ ቆሟል። ቀለሙ ገና አልደረቀም። "ይሄን ማን ሠራው?" አልኩት። "ጨረታ ያሸነፈ የሕንፃ ተቋራጭ" አለኝ። "አንተስ አልተወዳደርክም?" ስለው በጣቱ እየቆጠረ መለሰልኝ፤ የታደሰ ንግድ ፈቃድ፣ የግብር ከፋይ ቁጥር፣ የጨረታ ማስከበሪያ ሲፒኦ… እርሳስና ብሩሽ የሚለው መስፈርት ውስጥ የለም!

ጎበዝ! እንግዲህ የዛሬው ጨዋታችን ይኸው ነው። የሠለጠነው ልጅ መዝገብ ቤት ሊገባ ወረፋ ይዟል፤ ሲሚንቶ የሚያቦካው ሰው ሐውልት ይሠራል። ከዚያ "ከተማችን ለምን አላማረችም?" እንባባላለን።

መንግሥት በዚህ አገር ጥበበኛ ቀጥሮ አያውቅም ለማለት አይደለም። ኧረ ቀጥሯል! ሀገር ፍቅር በ1927 ዓ.ም. ሲመሠረት፣ የዛሬው ብሔራዊ ቴአትር በ1948 ዓ.ም. ሲከፈት፣ የጦር ሠራዊቱና የፖሊስ ሙዚቃ ክፍሎች ሲቋቋሙ ተዋናዩና ሙዚቀኛው የወር ደመወዝተኛ ሆኗል። አለ ፈለገ ሰላም የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤቱን በ1950 ዓ.ም. ካቆሙ ወዲህም ስንቱ ሰዓሊ በየሚኒስቴሩና በየማተሚያ ቤቱ እንጀራውን በልቷል። በደርግ ጊዜ ደግሞ የቀበሌ ኪነት የሌለው ሰፈር አልነበረም።

ሩቅ ሳንሄድ ጎረቤታችንን ቢሾፍቱን እንይ። በጥቅምት 2013 ዓ.ም. ያረፉት ሰዓሊ ለማ ጉያ የአየር ኃይል ሰው ነበሩ። የመንግሥት ልብስ ለብሰው፣ የመንግሥት ደመወዝ እየበሉ፣ በፍየል ቆዳ ላይ የሰው ፊት እየሣሉ ኖሩ። በመጨረሻም የሥዕል ቤታቸውን አዲስ አበባ ሳይሆን እዚያው በተወለዱበት አካባቢ ከፈቱ። እሳቸው የተቀጠሩት ለአውሮፕላን ነው፤ ብሩሹ የራሳቸው ነበር። ከዚህ የምንማረው አንድ ቁም ነገር አለ፤ የመንግሥት ደመወዝ በራሱ ጥበብን አይገድልም።

ታዲያ የሚገድለው ምንድነው? የሚገድለው፣ ባለሥልጣኑ አደባባዩን የግቢው በረንዳ ሲያደርገው ነው።

ተረቱ "ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል" ይላል። የኛ ሹማምንት ግን ሌላ ጨምረውበታል፤ "ሲሾም ያላቆመ ሲሻር ይቆጨዋል"! ሁሉም በዘመኑ አንድ ነገር አቁሞ መሄድ ይፈልጋል። ደርግ ሌኒንን አዲስ አበባ ላይ አቆመ፤ በግንቦት 1983 ዓ.ም. መንግሥቱ ኃይለማርያም በሄዱ ማግሥት ሌኒንም ተገርስሶ ወደቀ። የአብዮቱን 10ኛ ዓመት ምክንያት በማድረግ በ1977 ዓ.ም. የትግላችን ሐውልት በሰሜን ኮሪያ እርዳታ ቆመ። ከዚያ በፊትም በጃንሆይ ዘመን ለስድስት ኪሎው የየካቲት 12 ሐውልት የተጠሩት የዩጎዝላቪያ ቀራፅያን ናቸው። ያገሩ ልጅ ሰማዕት ሆኖ ይታሰባል እንጂ የሰማዕቱን ሐውልት ቅረፅ አይባልም ማለት ነው?

በኢህአዴግ ዘመንም ያው ነው። ከዚህ ወደ አሰላ በሚወስደው መንገድ፣ በአርሲ ሔጦሳ ወረዳ፣ የአኖሌ ሐውልት በ2006 ዓ.ም. ተመረቀ። አንዱ ወገን እያለቀሰ ቆመበት፤ ሌላው ወገን እየተቆጣ ተነሣበት። እኔ ዛሬ የታሪክ ክርክሩ ውስጥ አልገባም። የምጠይቀው ሌላ ነው። ከመቆሙ በፊት ሕዝብ በግልጽ መክሮበታል ወይ? ከመካከላችሁ የቀራፂውን ስም የሚነግረኝ አለ? (በአዳራሹ ውስጥ ዝምታ ሆነ።) ይኸው! ሐውልቱን ሁላችንም እናውቀዋለን፤ ሠሪውን ማናችንም አናውቀውም። ምክንያቱም ሐውልቱ የባለሥልጣን ሥራ ተደርጎ ነው የተነገረን።

ጣጣው ደግሞ እዚያ ላይ አያበቃም። በሰኔ 2012 ዓ.ም. የአርቲስት ሃጫሉ ሁንዴሳን መገደል ተከትሎ በተነሣው ሁከት የሐረሩ የራስ መኮንን ሐውልት ፈረሰ። የአፈወርቅ ተክሌ ሥራ ነበር። የአፍሪካ አዳራሽን 150 ካሬ ሜትር ባለቀለም መስኮት የሠሩት ያው አፈወርቅ ናቸው። ያፈረሰው ወጣት ያየው ራስ መኮንንን ነው፤ አፈወርቅን አላየም። የጨው ገደል ሲናድ ብልህ ያለቅሳል፣ ሞኝ ይልሳል። ሐውልትን የገዥዎች ንብረት አድርገን ካስተማርነው፣ ገዥ የተጠላ ዕለት ሐውልቱ ላይ ድንጋይ ቢያነሣ ማን ነው ጥፋተኛው?

አንዳንዶቻችሁ "እንግዲያውስ መንግሥት ከጥበብ እጁን ያውጣ፣ ለባለሀብቱ ይተው" ትሉ ይሆናል። ቀስ በሉ! ሜክሲኮአዊው ዲዬጎ ሪቬራ በኒውዮርክ በሮክፌለር ሕንፃ ግድግዳ ላይ ሥዕል ሲሥል የሌኒንን ፊት አስገባ። "አውጣ" ተባለ፤ "አላወጣም" አለ። እ.ኤ.አ. በ1934 ሥዕሉ ተሰባብሮ ወረደ። ያስፈረሰው ካድሬ አይደለም፣ ገንዘብ ነው። ያው ሪቬራ ግን አገሩ ላይ፣ እ.ኤ.አ. ከ1921 ጀምሮ የትምህርት ሚኒስትር በነበረው በቫስኮንሴሎስ ዘመን፣ በመንግሥት ክፍያ የመንግሥት ሕንፃዎችን ግድግዳ ሞልቷል። አሜሪካም ብትሆን በዚያ የችግር ዘመኗ እ.ኤ.አ. ከ1935 እስከ 1943 በሺህ የሚቆጠሩ ሥራ ፈት ሰዓልያንን በደመወዝ አሠርታለች። ኋላ ዓለም ያወቀው ጃክሰን ፖሎክ ከነዚያ አንዱ ነው። ስለዚህ ጥያቄው "መንግሥት ይቅጠር አይቅጠር" አይደለም። "በምን ሕግ ይቅጠር?" ነው።

እኔ ሦስት ነገር እላለሁ።

አንደኛ፣ መደብ ይኑር። በመሠረታዊ የሥራ ሂደት ለውጥ፣ በሥራ ምዘናና ደረጃ እየተባለ መዋቅር ስንቴ ተከለሰ? አዳማን የሚያህል፣ ከ1992 እስከ 1997 ዓ.ም. የክልል ዋና ከተማ የነበረ ከተማ፣ የቤት ፕላን የሚያይ መሐንዲስ እንደሚቀጥር ሁሉ አደባባዩንና ግድግዳውን የሚያይ ባለሙያ ቢቀጥር ምን ይጎዳል?

ሁለተኛ፣ ገንዘቡ ከሹም ቸርነት ይውጣ። የአሜሪካዋ ፊላደልፊያ እ.ኤ.አ. በ1959 ከግንባታ ወጪ 1 በመቶውን ለጥበብ የሚያስቀምጥ ሕግ አውጥታለች። እኛም ለሚሠራው ትምህርት ቤት፣ መናኸሪያና ሆስፒታል እንዲሁ ማድረግ እንችላለን። ከሞጆ እስከ ባቱ፣ ከመቂ እስከ ሻሸመኔ የተነጠፈውን ኮንክሪት አስቡት። ከመቶ አንዷ ብቻ ስንት ሰዓሊ ታኖራለች?

ሦስተኛ፣ የሚመርጠው ካድሬ ሳይሆን ግልጽ ኮሚቴ ይሁን። ሰዓሊው፣ መምህሩ፣ አባ ገዳው፣ የሰፈሩ ነዋሪ፣ ነጋዴዋ ይኑሩበት። ንድፉ አንድ ወር በአደባባይ ተለጥፎ ይታይ፣ ይተች፣ ይሰደብም። አስቀድሞ የተሰደበ ሐውልት በኋላ በድንጋይ አይመታም። የሠሪው ስም ደግሞ ከመራቂው ባለሥልጣን ስም በላይ ይጻፍ!

ለእናንተ ለወጣቶቹ የምለው አጭር ነው። የመንግሥት ሥራ ካገኛችሁ ግቡ፣ አትፈሩ። የክልሉ የሥራ ቋንቋ አፋን ኦሮሞ ነውና የማትችሉ ተማሩ፤ የምትሥሉት የዚህን ሕዝብ ፊት ነው። ግን ውላችሁን ሳታነቡ አትፈርሙ። በ1996 ዓ.ም. በወጣው የቅጅና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410 መሠረት፣ ተቀጥራችሁ የሠራችሁት ሥራ በውል ካልተለየ በቀር ባለቤቱ ቀጣሪው ነው። የደራሲነት ስማችሁና ሥራችሁ ያለ አግባብ እንዳይለወጥባችሁ የመቃወም መብት ግን የናንተው ነው። ይህችን አንቀጽ ያላወቀ ሰዓሊ ስሙን ራሱ እየፋቀ ይኖራል።

አንድ ቀን አለቃችሁ ጠርቶ "የእገሌን ምስል ትልቅ አድርገህ ሥራልኝ፣ ለሰኞ ይድረስ" ይላችኋል። አይቀርም። ያን ቀን ልጆች ይኖሩዋችኋል፣ የቤት ኪራይ ይኖርባችኋል። ጀግና ሁኑ ብዬ አልሰብክም፤ እኔም ለኪራይ ብዬ የማላምንበትን ጽፌ አውቃለሁ፣ እስከ ዛሬም ያሳፍረኛል። ቢያንስ ግን "ንድፉን ሕዝብ ይየው" በሉ። ይህ አመፅ አይደለም፣ ሙያ ነው።

ያ መዝገብ ቤት ሊገባ የተመዘገበው ልጅ ስንለያይ ከደብተሩ አንድ ገጽ ቀዶ ሰጠኝ። ማስታወቂያውን እያነበቡ የቆሙትን ሰዎች ጀርባ ሥሎ ነበር። ይጽፋል ብዬ ያሰብኩት ለካ ይሥል ኖሯል። አደባባዩ ላይ ካለው ሲሚንቶ ይልቅ ያቺ ወረቀት ከተማዋን ትመስላለች።

ያቺን ወረቀት ግድግዳ የሚያደርግ ከንቲባ እስኪመጣ መጠበቅ የለብንም። መጠየቅ ነው ያለብን። አደባባዩ የኛ ነውና!