መኪና እየሠሩ መሐንዲስ መሆን
(ለተማሪዎች ማኅበር ስብሰባ የተደረገ ንግግር)



የዐሥራ አምስት ዓመት ልጅ ምሕንድስናን እንዲወድ ከፈለግን ስብከቱን ትተን መኪና እናሠራው። ዛሬ የማቀርብላችሁ ሐሳብ ይኸው ነው።

በእንግሊዝ አገር ግሪንፓወር የሚባል የበጎ አድራጎት ድርጅት አለ። እ.ኤ.አ. በ1999 ሲቋቋም ዓላማው የትምህርት ቤት ልጆች የኤሌክትሪክ መኪና ሠርተው እንዲወዳደሩበትና በዚያው ወደ ምሕንድስና እንዲሳቡ ነበር። ከ11 እስከ 16 ዓመት ላሉት የተደነገገው ደንብ ልብ ሊባል ይገባዋል። ለሁሉም ቡድን የሚፈቀደው አንድ ዓይነት ባለ 24 ቮልት ሞተርና ሁለት ባለ 12 ቮልት ባትሪ ነው፤ አሸናፊው በተወሰነው ጊዜ ውስጥ ረዥም ርቀት የሄደው ነው። እንግዲህ ኃይለኛ ሞተር ገዝቶ መቅደም የለም። የሚቀድመው የተሰጠውን ኃይል በከንቱ ያላባከነ ነው።

ይህ ደንብ ልጁን ምን ያስተምረዋል? መኪናዋ ፍጥነቷን እጥፍ ስታደርግ አየሩ የሚመክታት በአራት እጥፍ ነው፤ ያንን ለማሸነፍ የሚያስፈልጋት ኃይል ደግሞ ስምንት እጥፍ ይሆናል። ይህን ከሰሌዳ የገለበጠ ተማሪ እስከ ፈተናው ቀን ያስታውሰዋል፤ ሰዓቱ ሳይሞላ ባትሪው ያለቀበት ግን ዕድሜ ልኩን አይረሳውም። የፊት ጎማዎቹ አቅጣጫ ካልተስተካከለ ጎማው መሬቱን እየፋቀ ኃይል ይበላል። በሞተሩና በጎማው ላይ ያሉት ጥርሶች ቁጥር ካልተመጣጠነ ሞተሩ ከመጠን በላይ ኤሌክትሪክ እየሳበ ይግላል። መኪና ነጥብ አይለመንም፤ ስሕተት ካለበት ይቆማል። ልጁም ፈትቶ እንደገና ይገጥማል። መሐንዲስነት የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው።

ይህ ነገር ለአገራችን ልጆች ባዕድ አይደለም። በየሰፈሩ ቁልቁለት ኩሽኔታ የሚነዱትን ሁላችንም እናውቃቸዋለን። ከጋራዥ አሮጌ ኩሽኔታ ለምኖ፥ ሳንቃ ፈልጎ፥ የፊቱን እንጨት በአንድ ቡሎን አሥሮ መሪ ያደረገ ልጅ ስለ ሰበቃና ስለ ሚዛን ብዙ ተምሯል። ነገር ግን ሁለተኛ ደረጃ ሲገባ ኩሽኔታውን ጥሎ ደብተር ብቻ ይይዛል፤ ግራሶ የነካው እጅ የተማረ ሰው እጅ አይመስለንምና። ዳግማዊ ምኒልክ ባለ እጅን መስደብ በዐዋጅ የከለከሉት በ1900 ዓ.ም. ነበር። ስድቡ ቢቀንስም ንቀቱ ገና አልለቀቀንም። ዲግሪ ይዞ መፍቻ መጨበጥ የሚያፍር በመካከላችን የለም ብሎ የሚምል ማነው?

«ይህ የሀብታም አገር ጨዋታ ነው» የሚሉ ይኖራሉ። ኡጋንዳን እንመልከት። የማከሬሬ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችና መምህራን ኪራ የተባለች ሁለት ሰው የምትይዝ የኤሌክትሪክ መኪና ሠርተው እ.ኤ.አ. በ2011 ካምፓላ ላይ ነድተዋታል። ለእኛ መነሻ የቱቦላሬ ብረት፥ የብስክሌት ጎማና ሰንሰለት ይበቃል። ውድ የሚሆነው ሞተሩና ባትሪው ነው፤ ለአንድ ትምህርት ቤት ደግሞ አንድ መኪና ትበቃለች።

ነገሩም ጊዜ የሚሰጥ አይደለም። በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የግል መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉ ተነግሯል። የኤሌክትሪክ መኪና በየመንገዱ ሲበዛ ማን ይጠግነዋል? ነገስ ማን ይሠራዋል? ዛሬ ዘጠነኛ ክፍል ያለው ልጅ ካልሆነ ሌላ ሰው ከየት ይመጣል?

ስለዚህ የማቀርበው አሳብ ይህ ነው። የምሕንድስና ተማሪዎች በያመቱ አንድ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መርጠን፥ ቅዳሜ ቅዳሜ እየሄድን፥ ልጆቹ አንዲት መኪና እንዲሠሩ እንርዳቸው። ብየዳውን የሠለጠነ ሰው ይሥራው፤ ፍሬኗ ሳይፈተሽ ማንም አይቀመጥባት። ሴቶቹ ልጆች ቀለም እንዲቀቡ ብቻ አይጠሩ፤ ሞተሩንም ይግጠሙ። ከሁሉ የሚከብደን ግን ልጁ ሲሳሳት መፍቻውን ከእጁ አለመንጠቅ ነው። እኛ የሠራንላቸው መኪና ብትሮጥ የእኛን ችሎታ ታሳያለች። እነርሱ የሠሩት ዐሥር ሜትር ሄዶ ቢቆም እንኳ ለምን እንደ ቆመ የሚጠይቁ ልጆች እናገኛለን።

መምህራኖቻችን ወርክሾፑን በቅዳሜ እንዲከፍቱልን በትሕትና እንለምናለን።