የእንግዳ ዐይንና የቤት ዐይን
(በማኅበራችን የኢዮቤልዩ በዓል ላይ የተደረገ ንግግር)





ከሁሉ አስቀድሞ ለዚህ ቀን ላደረሰን አምላክ ምስጋና ይድረሰው። ከመተማ በገላባት ተሻግሮ ገዳሪፍ የገባ ወገን በሰው አገር ተሰባስቦ፣ ሲታመም ተጠያይቆ፣ ሲሞት ተቀባብሮ፣ ልጅ አሳድጎ ለኢዮቤልዩ መድረሱ ቀላል ነገር አይደለም። ስለ ዕድሩና ስለ ትምህርቱ ሌሎች ተናጋሪዎች ስላሉ፣ ለእኔ የተሰጠኝ ርእስ ሥነ ጥበብ ነው፤ በተለይም ከሩቅ እየመጡ የሠዓሊዎችን ሥራ ስለሚጎበኙ ባለሙያዎች እናገራለሁ።

እንዲህ ያለውን ባለሙያ ኪውሬተር ይሉታል። ዋና ሥራው ሥዕል መግዛት አይደለም። ሠዓሊው ከሚሠራበት ድረስ ሄዶ ሥራውን ያያል፣ ይጠይቃል፣ የጠነከረውንና ገና የሆነውን ለይቶ ይናገራል። በኋላም የመረጠውን ከሌሎች ሥራዎች ጋር አዛምዶ ለኤግዚቢሽን ያቀርባል። በትልልቅ ከተሞች የሚኖር ሠዓሊ እንዲህ ያለውን ሰው በጋለሪ ደጃፍ ሊያገኘው ይችላል። በሰሊጥና በማሽላ ገበያዋ በምትታወቅ የጠረፍ ከተማ የሚሥል ልጅ ግን ሰው ካልመጣለት ሥራው ከመኝታ ክፍሉ ግድግዳ አያልፍም።

ምሳሌዬን ከምንኖርበት አገር ልጀምር። እ.ኤ.አ. በ1930 በኦምዱርማን የተወለዱት ሠዓሊ ኢብራሂም አል ሳላሂ በለንደን ስሌድ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ተምረው በ1957 ተመለሱ። በካርቱም ግራንድ ሆቴል ሥራቸውን ሲያሳዩ ግን ሰው በመክፈቻው ዕለት መጥቶ ከዚያ በኋላ ዝር አላለም። ሠዓሊው ሥዕሉን ለጊዜው ትተው በአገራቸው እየተዘዋወሩ ሰው በቤቱ ምን እንደሚሰቅል፣ ዕቃውን በምን እንደሚያስጌጥ ተመለከቱ። የዓረብኛው ጽሕፈትና የአገሬው ጌጥ በሥዕላቸው የገባው ከዚያ ወዲህ ነው። በ1960ዎቹ መጀመሪያም ጀርመናዊው ኡሊ ቤየር ሥራቸውን አይቶ በናይጄሪያ፣ ኢባዳን ከተማ በነበረው የምባሪ ክለብ እንዲታይ አደረገ። ግማሽ ምዕት ዓመት አልፎ፣ በ2013 በለንደኑ ቴት ሞደርን ሙዚየም የሕይወት ዘመን ሥራቸው ሲታይ፣ አዘጋጁ የአገራቸው ልጅ ፕሮፌሰር ሳላህ ሐሰን ነበሩ። እንግዳው በር ከፈተ፤ ሥራውን ለእንግዳ ያበቃው ግን ሠዓሊው የራሱን ሕዝብ ዐይን ማጥናቱ ነው።

ከእኛው አገር ደግሞ ኤልያስ ስሜን እናንሣ። ኤልያስ በክር፣ በአዝራርና ከመርካቶ ምናለሽ ተራ በሚገኝ የአሮጌ ኤሌክትሮኒክስ ሽቦ የሚሠራ ሠዓሊ ነው። አንትሮፖሎጂስትና ኪውሬተር የሆነችው መስከረም አሰግድ ሥራውን አንድ ቀን አይታ አልሄደችም። ለዓመታት ተከታተለችው፤ በ2002 የተቋቋመውን የዞማን ማዕከል አብረው አሳደጉት፤ በ2009 ከአሜሪካዊው የቲያትር አዘጋጅ ፒተር ሴላርስ ጋር ሆና በካሊፎርኒያ ሳንታ ሞኒካ ሙዚየም ሥራውን አሳየች። በ2019 አዲስ አበባ ውስጥ የተከፈተው የዞማ ሙዚየምም የዚሁ የረጅም ጊዜ ጓደኝነት ፍሬ ነው። ስለዚህ አንድ ኪውሬተር ሲመጣ የምንጠይቀው የመጀመሪያ ጥያቄ «ተመልሰው ይመጣሉ ወይ?» የሚል ይሁን።

በስደት የሚኖር ወገን ሊኮራበት የሚገባውን ሌላ ነገርም ልጨምር። ኢትዮጵያ በቬኒስ ቢየናሌ ለመጀመሪያ ጊዜ የራሷን ድንኳን የከፈተችው በ2024 ነው። ሥራው የቀረበው ለብዙ ዓመታት በጀርመን የኖረው የተስፋዬ ኡርጌሳ ሲሆን፣ ኪውሬተሩ በእንግሊዝ ተወልዶ ያደገው ባለቅኔው ለምን ሲሳይ ነበር። ሁለት በሰው አገር የኖሩ ሰዎች የአገራቸውን ስም ይዘው ቆሙ።

አሁን ወደ ራሳችን እንመለስ። በመካከላችን በእርሳስም በቀለምም የሚሞክሩ ልጆች አሉ። እንግዳ ቢመጣላቸው እንዴት ይቀበሉት?

አንደኛ፣ ያለቀውንና ያማረውን ብቻ አታሳዩ። ጅምሩንና የተበላሸውንም አውጡ። ባለሙያ የሚጠቅማችሁ ከተቸገራችሁበት ቦታ ላይ ነው።

ሁለተኛ፣ ሲተች አትከራከሩ፤ የተናገረውንም ሁሉ አሜን ብላችሁ አትቀበሉ። ጻፉትና ሳምንት አሳድሩት። ከሳምንት በኋላም የሚከነክናችሁ ካለ እርሱ ምናልባት እውነት ነው።

ሦስተኛ፣ የስደተኛ ሥዕል ማለት የመከራ ሥዕል ብቻ የሚመስለው እንግዳ ይኖራል። ድንኳንና እንባ እንድትሥሉለት ሊገፋፋችሁ ይችላል። መከራውን አይተነዋልና መሣሉ ነውር የለውም። ነገር ግን የሰሊጥ ጆንያ የሚሸከመውን ወንድማችሁን፣ ቡና የምታፈላውን እናታችሁን፣ የሰፈራችሁን ሱዳናዊ ባለሱቅ መሣል ከፈለጋችሁ እርሱን ሣሉ። ምርጫው የእናንተ ነው።

አራተኛ፣ ያላችሁን አንድ ሥራ ለአላፊ አግዳሚ በችኮላ አትስጡ። ብትሰጡም ስም፣ ቀንና አድራሻ የሰፈረበት ወረቀት ተፈራርማችሁ ይሁን። ሥዕሉ የት እንደሚታይና በማን ስም እንደሚጻፍ ጠይቁ።

ለወላጆችም አንድ ቃል አለኝ። «ሥዕል እንጀራ አይሆንም» ማለታችን ከፍቅር የመነጨ መሆኑን አውቃለሁ። ልጁ ትምህርቱን ይማር፣ ሥራውንም ይሥራ። ይሁን እንጂ የሣለውን ወረቀት ለሽንኩርት መጠቅለያ አናድርገው። ጦርነት እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2023 በሱዳን ከተቀሰቀሰ ወዲህ ብዙ የካርቱም ሠዓሊዎች የዕድሜ ልክ ሥራቸውን በስቱዲዮአቸው ጥለው እንደወጡ፣ ብሔራዊ ሙዚየሙም እንደተዘረፈ ሁላችንም ሰምተናል። አንዳንዶቹ ካይሮና ናይሮቢ ደርሰው ለባለሙያ ሊያሳዩ የቻሉት በስልካቸው የቀረውን ፎቶግራፍ ነው። ወረቀት ይቃጠላል፣ ሸራ ይቀራል። ስለዚህ ልጆቻችን የሠሩትን ሁሉ ፎቶግራፍ አንሥተን፣ ስምና ቀን ጽፈን፣ በሌላ አገር ላለ ዘመድ ቅጂውን እንላክ።

ለማኅበራችን የማቀርበው ሐሳብም ከዚህ የተለየ አይደለም። ከአዳራሻችን አንዱ ግድግዳ ለልጆቻችን ሥዕል ይሁን፤ በየበዓሉም ይለወጥ። የፎቶግራፉ መዝገብ በጽሕፈት ቤት ይቀመጥ። ሱዳናውያን ጎረቤቶቻችንም ልጆቻቸውን ይዘው እንዲያዩ ይጋበዙ። ኪውሬተር ዛሬ ባይመጣ ነገ ሊመጣ ይችላል፤ በመጣ ጊዜ የሚያየው ነገር ሊኖረን ይገባል። ባይመጣም እንኳ ልጁ ሥራውን ያየለትና «ይህ ምንድን ነው?» ብሎ የጠየቀው ሰው አግኝቷል። ይህንን ለማድረግ ከእኛ የሚፈለገው ጥቂት ሚስማርና ጥቂት ጊዜ ነው።

 በዓሉን የሰላም፣ የጤናና የፍቅር ያድርግልን። ለከርሞው በልጆቻችን ሥዕል ባጌጠ አዳራሽ በሰላም ያገናኘን።